እናትሽ እስከ መቼ እንዳጠባችሽ

ልጄ ጥያቄውን የጠየቀችኝ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አቅፋ እያጠባች ሳለ ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ አስታውሰዋለሁ። ምናልባት አጥብታ ጨርሳ ልብሷን እያስተካከለች ነበር ይሆናል። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት የሆነውን እንኳ በዚህ ማመንታት የሚጽፍ ሰው፣ ከዚያ በፊት ስላለው ረጅም ዘመን የሚናገረውን አንባቢ በጥንቃቄ ቢቀበለው ቅር ሊለው አይገባም።

«አባዬ፣ እማዬ እኔን እስከ መቼ ነው ያጠባችኝ?» አለች።

«ሁለት ዓመት» አልኳት፤ ሳላስብ።

ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። «ክብ ቁጥር» አለች። «አንተ ክብ ቁጥር የሚነግሩህን እናቶች አላምንም ትል አልነበር?»

እውነቷን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሕዝብ ጥናት አስተምር ነበር፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎንም ከተማሪዎቼ ጋር ከመንደር መንደር እየዞርን እናቶችን እንጠይቅ ነበር። ከመጠይቁ ጥያቄዎች አንዱ «ይህን ልጅ ስንት ወር አጠቡት?» የሚል ነው። መልሶቹን ስንደረድራቸው ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ላይ ተቆልለው እናገኛቸዋለን፤ በመካከላቸው ያሉት ወራት ባዶ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ሴቶቹ ይዋሻሉ ማለት አይደለም። ልጇን ጡት የምታስጥል እናት ቀን መቁጠሪያ አትመለከትም፤ ከዓመታት በኋላ ስትጠየቅ ግን ጠያቂውን ባዶ እጁን ላለመመለስ አንድ ደህና ቁጥር ትሰጠዋለች። ይህን ቤቴ ለሚመጡ ተማሪዎች ሳስረዳ ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ትጫወት ነበር መሰለኝ፤ ሰምታ አስቀርታዋለች።

«እሺ፣ አስቤ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«ቶሎ አስብ። እማዬ ያደረገችውን ነው የማደርገው። የሰው ምክር ሰልችቶኛል።»

ያስፈራኝ ይህ አነጋገሯ ነው። ለምን እንዳስፈራኝ ለመግለጽ ስለ ቤቴና ስለ ምሳ ሰዓት ጥቂት መናገር አለብኝ።

የምኖረው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። በዙሪያዬ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ጎረቤቶቼ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል፤ የእኔ ቤት ቅርስ ነው ስለተባለ በቆርቆሮ አጥር መካከል ብቻውን ቀርቷል። መቅረቱን እንደ ዕድል የሚቆጥሩልኝ አሉ። ቀድሞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰላምታው ብቻ ዋናው መንገድ ላይ እስክደርስ ያዘገየኝ ነበር፤ አሁን ደኅና አደሩ የምለው የአጥሩ ጥበቃ እንኳ ፊቱን ሳልለምደው ይቀየራል። ከሰው ጋር ለመሆን ስፈልግ ፒያሳ ወጥቼ ከአንዱ ኬክ ቤት ባንኮኒ አጠገብ ቆሜ ማኪያቶ እጠጣለሁ። አሳላፊዎቹ «ፋዘር» ይሉኛል፤ ለሁሉም ሽማግሌ የሚሉት ነው።

ልጄ የምትኖረው ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ ነው። መሥሪያ ቤቷ ግን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ ነበር። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ጠዋት ሕፃኑንና ሞግዚቷን እኔ ዘንድ ታደርሳለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ አቀበቱን ወጥታ ታጠባዋለች፤ ከሥራ ስትወጣ ሁለቱንም ይዛ ትሄዳለች። በዚህ ምክንያት ለወራት ቤቴ የሰው ቤት ሆኖ ከረመ። መጻሕፍት ተከምረውበት የነበረው አልጋ ላይ የሕፃን ልብስ ተዘርግቶ ይውል ጀመር። ሞግዚቷ ወጥ ስትሠራ ለእኔም ትጨምራለች። ልጄ ስትመጣ ምሳ አብረን እንበላለን፤ እሷ በአንድ እጇ ሕፃኑን ይዛ በሌላው እየጎረሰች ስለ አለቃዋ ታወራኛለች፤ እኔም አለቃዋን አይቼው ባላውቅም አብሬ አማዋለሁ።

እንግዲህ ስሌቱ ግልጽ ነው። ሕፃኑ እስከጠባ ድረስ ልጄ በየቀኑ ትመጣለች። ጡት የጣለ ዕለት ወደ እኔ የሚያመጣት ምክንያት አይኖርም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያሰላሁት፤ ካሰላሁት በኋላም ለማንም አልተናገርኩትም።

መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር መሆኑን ያወቅነው በዚያው ሰሞን ነው። ለእሷም ከፍ ያለ ኃላፊነት ሊሰጣት ታስቧል፤ ክፍለ ሀገር መውጣት ያለበት ሥራ ነው። ወተቷም እየቀነሰ ነበር። ሐኪሟ አንድ ነገር ይላታል፣ የሥራ ባልደረቦቿ ሌላ ይሏታል፣ የባሏ እናት ደግሞ ሌላ።

የባሏ እናት ጎጃም ተወልደው ያደጉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ንግግር የሚያውቁ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ለማየት አንድ ቅዳሜ እኔ ቤት መጡ፤ ልጄም ነበረች። ገና ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይንገሯት እስቲ» አሉ።

«ምን ልንገራት?»

«ጥርሱን እንኳ አውጥቶ ሳይጨርስ ልታስጥለው ነው። የእኔ ልጅ፣ የእሷ ባል፣ እየሮጠ እየተላላከ ነው የጠባው። እኔም አይደለሁም ያስጣልኩት፤ ተከታዩ መጥቶ ነው የገፈተረው።»

«ለዚህ ነዋ ዛሬም ምግብ ሲቀርብ ማንም እንዳይቀድመው የሚጣደፈው» አለች ልጄ።

«ሳቂ አንቺ። የእናንተ የተማሩት ጡት ከመሥሪያ ቤት ጋር ነው የሚከፈት የሚዘጋው» አሉ፤ ነገር ግን እሳቸውም መሳቃቸው አልቀረም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «በእሷም አልፈርድም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የወለጋ ሰው ናት፤ ሚስዮን ያሳደጋት። እነሱ ዘንድ ልጅ በጡጦ ነው የሚያድገው አሉ።»

«ማን አለ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«አሉ ነዋ፣ ጋሼ። ማን ይባላል?»

ልጄ መሳቋን አቆመች። እናቷን በዚህ መንገድ አንስተውባት አያውቁም ነበር፤ ክፋት እንዳልነበረባቸው ግን እኔም እሷም እናውቃለን። ጥያቄውን የጠየቀችኝ ከዚህ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከማውቀው ጥቂት ልናገር፤ ማወቄ በዚህ ነገር ብዙም እንዳልረዳኝ ከወዲሁ እየገለጽኩ። በምንሠራቸው ሠንጠረዦች ላይ የእናት ትምህርት ከፍ ሲል የማጥቢያው ዘመን ሲያጥር ብዙ ጊዜ አይተናል። የብሔሩ ዓምድ ግን አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ከተማውን ከገጠሩ፣ ቤት የምትውለውን ከቢሮ ሠራተኛዋ ሲለዩት ግን አንዳንዴ ይቆያል፣ አንዳንዴ በእጅ ላይ ይሟሟል። የአባት ትምህርት የሚል ዓምድም አለ። አባት ስንት ክፍል እንደደረሰ ይጠይቃል እንጂ ቤቱ ውሎ እንደሚያውቅ አይጠይቅም። የእኔን ቤት በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባ ብባል እናት መምህርት፣ ኦሮሞ፣ ወንጌላዊት፤ አባት ከዚያም በላይ የተማረ፣ ኦርቶዶክስ፣ ብሔሩን ሲጠየቅ «አራዳ ነኝ» ብሎ የሚያመልጥ ብዬ እሞላለሁ። ከዚህ ተነሥቶ የልጃችንን የጡት ዘመን ገምት ብባል አጭር ነው እላለሁ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ብያለሁ። ለምን?

አንድ ምስል ስላለኝ ነው። ከደጅ ስገባ፣ በተከፈተ በር ላይ አንዲት ሴት በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ካለው ሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ልጄ ሰፌዱን በክንዷ ገፋ አድርጋ፣ በሁለት እግሯ ቆማ፣ ከሴትዮዋ ጡት ትጠባለች። በቅጡ ቆማለች፤ አንድ እግሯን አንሥታ በሌላው ላይ እስከማሸት ድረስ ቆማለች። ሴትዮዋ ባለቤቴ ናት፤ ፊቷን አየዋለሁ። እንዲህ የቆመ፣ እንዲህ የተዝናና ልጅ ከሁለት ዓመት ብዙም አይርቅም።

ይህን ምስል ለብዙ ዓመታት ሳልመረምረው ኖሬያለሁ፤ ስመረምረው ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ባለቤቴ በተከፈተ በር ላይ አታጠባም ነበር። በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ሴት ናት፤ ለማጥባት ወደ ውስጥ ትገባለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ እኔም ብሆን ከመግባቴ በፊት ጉሮሮዬን አጠራለሁ። በዚህ ከምስሉ ይልቅ እርግጠኛ ነኝ፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ሳይሆን የዘወትር ልማዷ ስለነበር። ታዲያ በበሩ ላይ ያለችው ማን ናት? ያን ጊዜ ብዙውን ወር የማሳልፈው መስክ ላይ ነበር። ምናልባት ከጠየቅኋቸው ሴቶች አንዷን በሐሳቤ ከገጠር ይዤ መጥቼ የባለቤቴን ፊት ሰጥቻት ይሆናል። ይህን ባሰብኩበት ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ተኝቶ ነበር፣ ሞግዚቷ ልብስ ታጥብ ነበር። እኔ ከራሴ ሚስት ምን ያህሉን በእርግጥ እንደማስታውስ ለማወቅ ሞክሬ ቶሎ ተውኩት።

ዝም ማለት እችል ነበር። ሁለት ዓመት ብያለሁ፤ በዚያው ብጸና ልጄ ለእናቷ ስትል ትቀጥላለች፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት ቢርቅም አንድ መላ ትፈጥር ነበር። ነገር ግን መላሹ ከመልሱ የሚጠቀም ከሆነ መልሱን ብቻውን አትመኑት እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምስክር መፈለግ ነበረብኝ።

ልጄ የተወለደችው ከሥላሴ በታች ባለ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ነው። በዚያ ግቢ በር ለበር የምንጎራበታቸው፣ ባለቤታቸው ፒያሳ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው የጉራጌ ሴት ነበሩ፤ ከእኔ በጥቂት ዓመታት ይበልጣሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጄ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ወደ አሁኑ ቤት ስለተዛወርን መጠያየቁ እየሳሳ ሄደ። በባለቤቴ ለቅሶ ላይ ግን መጥተው ነበር። ከጎረቤት ለቅሶ ያለፈ ለቅሶ አለቀሱ፤ ያኔ ገርሞኛል፤ ምክንያቱን አልጠየቅኩም። የልጃቸው ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ላይ አለ። ደወልኩ። እሳቸውም ከግቢው ተነሥተው ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል።

እሑድ ዕለት ታክሲ እየቀያየርኩ ሄድኩ። ደረጃውን ወጥቼ እስክጨርስ ትንፋሼ ተቆራረጠ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አልሞትክም እንዴ፣ ወንድሜ?»

«አልሞትኩም፣ እትዬ።»

«እኔን እዚህ ሰማይ ላይ ሰቀሉኝ፤ ከእንግዲህ የቀረኝ ትንሽ ነው። ግባ፣ ግባ፤ አንተ ግን ከስተሃል። የሚያበላህ የለም?»

የልጄ ሞግዚት እንደምታበላኝ ነገርኳቸው። ስለ ቀድሞ ጎረቤቶች ተጠያየቅን፤ የሞቱትን እሳቸው ነገሩኝ፣ የት እንደገቡ የማይታወቁትን እኔ ነገርኳቸው። ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ አነሣሁ። ልጄ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ እስከ መቼ እንዳጠባቻት ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

አስተያየታቸው ተለወጠ። «ለማን ብለህ ነው የምትጠይቀው? ለመንግሥት ነው?»

«ለልጄ ነው።»

«ልጃችን በል» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

«እናቷማ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው የተወችው» አሉ። «ጡቷም ቆስሎ ነበር፤ ወተቱም ሸሻት። ልጅቷ ያኔ በትራስ ተደግፋ መቀመጥ ትለማመዳለች። ጡጦ ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች። እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ልጄን ይዣለሁ። ምን ይጠየቃል? የኔ በአንዱ፣ ያንተ በአንዱ።»

«እስከ መቼ፣ እትዬ?»

«ምኑን አውቄ፤ ማን ይቆጥራል? የኔ ከጣለም በኋላ እሷ አልጣለችም። ከጓሮ እየሮጠች ትመጣለች፣ ቆማ ትጠባለች፣ ተመልሳ ትሮጣለች። በእኛ ቋንቋ ነበር የምትለምነኝ፤ በአማርኛ ስትጠይቀኝ ያልሰማሁ እመስላታለሁ፣ እሷም ታውቅብኛለች።»

ልጄ አፏን ስትፈታ ጥቂት የጉራጊኛ ቃላት እንደነበሯት ትዝ አለኝ። ሱቅ ስትላክ የለመደችው መስሎኝ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዋ ማን ሱቅ ይልካታል ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

«በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር?» አልኳቸው።

«ታዲያ የት ልልቀም፤ ቤቱ ጨለማ ነው። አየኸን እኮ። ከመስክህ ስትገባ ባርኔጣህን አነሣህና እንዴት ዋላችሁ ብለህ አለፍክ። ለእናቷ ነገርኳት፤ አየን፣ ምንም አላለም አልኳት። እንግዲህ ካወቀ ይወቅ አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣውም።»

«እሷስ ለምን አልነገረችኝም?»

ሳቅ አሉ። «ትጽፈዋለህ ብላ ነዋ። እሱ የሰው ሚስት ሁሉ ጡት እየጠየቀ የሚጽፍ ሰው ነው፣ የኔስ ይለፈኝ አለች።»

እኔም ሳቅኩ። የባለቤቴ አነጋገር መሆኑን በምንም አልጠራጠረውም፤ ድምፅዋን የሰማሁት ያህል ነበር። ወዲያው ግን ሳቁ አለቀብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከእሷ አዲስ ነገር ስሰማ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም፤ መልስ የምሰጥበትም መንገድ የለም። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ እሷ አውቆ ዝም አለ ስትል፣ እኔ ያየሁት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ኖረናል። ቢያንስ በበሩ ላይ የነበረችው ሴት ከገጠር አለመምጣቷ ተረጋገጠልኝ። ፊቷ ብቻ ነው የተለወጠው።

በመመለሻዬ ታክሲ ውስጥ የቆየ ልማዴ ያዘኝ፤ ልጄን የት ረድፍ ላይ እንደማስቀምጣት ማሰብ ጀመርኩ። ባለቤቴ በመጠይቅ ብትጠየቅ ጥቂት ወር ብላ በሐቅ ትመልስ ነበር፤ የተማረች እናት፣ አጭር ዘመን፣ ሠንጠረዡ እንደሚጠብቀው። እትዬ ቢጠየቁ ስለ ራሳቸው ልጆች ብቻ ነው የሚጠየቁት። ልጄ ከአንዲት ያልተማሩ የጉራጌ ሴት ጡት የጠባችው ያ ረጅም ጊዜ በማንም መልስ ውስጥ አይገባም። የምንጠይቀው እናቲቱን ስንት ወር አጠባሽ ብለን ነው፤ ልጁ ስንት ወር ጠባ፣ ከማን ጠባ አንልም። በየግቢው ስንት እንዲህ ያለ ነገር አልፎን እንደሆነ አሁን ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ ይልቅ ያስጨነቀኝ ለልጄ በምን ቅደም ተከተል እንደምነግራት ነው። ታሪኩ ሁለት ግማሽ አለው። እናትሽ ቶሎ አስጥላሻለች ብዬ ባቆም ልታስጥል ትችላለች። አንቺ ግን ለረጅም ጊዜ ጠብተሻል ብዬ ብጀምር ምናልባት ትቀጥላለች። በየትኛው ብጀምር ለማን እንደሚጠቅም አውቀዋለሁ። ስለዚህ በተከሰተበት ቅደም ተከተል ነገርኳት፤ መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ እትዬን። ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነበር። ይህን ያህሉን እርግጠኛ ነኝ።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እማዬ አቆመች» አለች። «እኔ ግን አላቆምኩም።»

«እንደዚያ ነው።»

«በጉራጊኛ ነበር የምለምነው?»

«በአማርኛ ስትጠይቂ አልሰማሁም ይሉሽ ነበር።»

ሳቋ እንባ ቀላቀለ። ሕፃኑ ጡቱን ለቀቅ አድርጎ አያት፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሞግዚቷ ሳህን ልታነሣ ገብታ ሁላችንንም አየችና ሳታነሣ ወጣች።

«አየህ አባዬ፣ እማዬ ብታቆምም ከበሩ ፊት ለፊት እሳቸው ነበሩ» አለች ልጄ። «እኔ ያለሁበት ፎቅ ላይ ፊት ለፊቴ ያለችውን ሴት ስሟን እንኳ አላውቀውም። ልጅ እንዳላት የማውቀው ሲያለቅስ ስለምሰማ ነው።»

እኔ አለሁ ማለት አማረኝ። ነገር ግን ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ ማስረዳት ይኖርብኝ ነበር፤ ተውኩት።

«ቢሆንም» አለች፤ «እማዬም ሥራ ስትጀምር አቁማ እኔ ምንም አልሆንኩም። ጥፋት መስሎ ነበር የሚታየኝ። ቀስ ብዬ አቆማለሁ። ቅር አለህ?»

«የለም፣ ለምን ቅር ይለኛል?» አልኩ። በዚህ ጉዳይ ሁሉ ከሰጠሁት መልስ ትክክል እንዳልነበረ በእርግጠኝነት የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ስልክ ደውላ ከእትዬ ጋር ተነጋገረች። በሌላ እሑድ ሕፃኑን ይዛ ሄደች፤ እኔ ደረጃው ስለሚያደክመኝ አልሄድኩም። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅኩም። ስትመለስ የእትዬን የመጨረሻ ልጅ «የጡት ወንድሜ» እያለች ታወራ ነበር።

ማስጣሉ የተወሰነው ሕፃኑ ወደ አንድ ዓመቱ ሲጠጋ፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዛወር ሲል ነው። በአገራችን እንደሚደረገው ሕፃኑ የእናቱን ጠረን እንዳያገኝ ጥቂት ቀን ሌላ ቤት መቆየት ነበረበት። የባሏ እናት ተጠይቀው «እጄን አላስገባም፤ ሌባም እንዲህ ዓይነት ነገር አይሠራም» አሉ። ስለዚህ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ሞግዚቷና ሕፃኑ እኔ ቤት አደሩ። የፈለግሁትን ያህል ሰው ቤቴ ውስጥ አገኘሁ ማለት ነው፤ እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን በር በሩን እያየ አለቀሰ። በምሳ ሰዓት ባሰበት፤ ሰዓቱን ከእኔ እኩል ያውቀው ነበር። አጥሚቱንም፣ ጡጦውንም ገፋ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሞግዚቷ ደክሟት እንቅልፍ ወሰዳትና እኔ አነሣሁት። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አሳረፈ። ዝም ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየፈለገ ነው። አፉን በሸሚዜ ላይ አዟዟረ፣ አንዱን ቁልፍ ነከሰ፣ ለቀቀ፣ ወደ ሌላው ወገን ዞረ። እዚያም እንደሌለ ባወቀ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አላለቀሰም። ማልቀሱ ይሻል ነበር።

በአንዳንድ የአገራችን አካባቢ ሰው የሌላውን ልጅ ልጁ ሊያደርገው ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ የጡት ልጁ ይባላል። በወጣትነቴ ስለዚህ ልማድ ስጽፍ «ወተት የሌለበት ዝምድና» ብዬዋለሁ መሰለኝ። ማር ቤቴ ውስጥ አልነበረም። ጣቴን ሰጠሁት። ያዘው፤ ጥቂት ጠባና በአዲሶቹ ጥርሶቹ ነከሰኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ልጄ ልትወስደው ስትመጣ እጁን ዘርግቶ ሄደላት፤ ጡቷን ግን አልጠየቀም። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ሞግዚቷ ልብሶቹን ከአልጋው ላይ ሰበሰበች። በሚቀጥለው ሳምንት መሥሪያ ቤቷ ተዛወረ።

አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች። በላህ ትለኛለች፣ በላሁ እላታለሁ። ከበስተኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ወደ ስብሰባ ይጠሯታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምንነጋገረው እንዳያልቅብኝ ጠዋት ላይ ወሬ አዘጋጅ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ከተወሰኑ እሑዶች በኋላ እሷ፣ ባሏና የባሏ እናት ሕፃኑን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። በእግሩ ቆሟል፤ ወንበር ይዞ ይሄዳል። ከበሩ እንደገቡ ቤቱን ዞር ብሎ አየ፣ እኔን አየኝ፣ አፉ ተንቀጠቀጠና በእናቱ አንገት ውስጥ ተሸሸገ። እጄን ስዘረጋ ጮኸ።

«ያስታውሳል እኮ ይሄ» አሉ የባሏ እናት።

«ይረሳዋል አባዬ፤ ልጅ ነው» አለች ልጄ።

እኔም እንደሚረሳው አውቃለሁ፤ ጡት የጣለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እስኪረሳው ድረስ ግን ማስቸኮል እንደማይገባ አሰብኩ። እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አድርጌ ከወንበሬ ሳልነሣ ተቀመጥኩ። እነሱ ሲያወሩ፣ ሲበሉ፣ ሲስቁ፣ እሱ በእናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ አልፎ አልፎ ያየኝ ነበር። በዚያን ቀን ወደ እኔ አልመጣም።